ዝላዩ ይቆይ

ጎንደር ውስጥ የባሌት ዳንስ ልሞክር ለሚል ወጣት አስተማሪው ብዙውን ጊዜ ስልኩ ነው። ስልክ ደግሞ የሚያሳየው ዝላዩንና ሽክርክሪቱን ነው። ልጆቹም ከዚያው ይጀምራሉ፤ ያውም ሲሚንቶ ላይ። አልፈርድባቸውም፣ ዝላይ ያምራል። ግን መጀመሪያው እሱ አይደለም።

የባሌት ትምህርት የሚጀምረው ከባሩ ነው፤ ወገብ አካባቢ ከፍታ ላይ ከተገጠመ አግዳሚ ዘንግ። በትልልቅ መድረክ የሚታዩት ባለሙያዎች ሳይቀሩ የዕለት ልምምዳቸውን የሚከፍቱት እሱን ይዘው ነው። መጀመሪያ ፕሊዬ፣ ማለትም ጉልበትን ማጠፍ። ቀጥሎ ታንዱ። ከዚያ እግር እየፈጠነ፣ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ታንዱን ብቻ እንይ። ለሚያየው እግርን ዘርግቶ መመለስ ነው፤ ታዲያ ምኑ ይከብዳል ያሰኛል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። እግሩ ወለሉን እየታከከ ይወጣል። ተረከዝ ቀድሞ ይነሳል፣ መዳፉ ይከተላል፣ በመጨረሻ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይቀራል። ሲመለስ በተገላቢጦሽ። ጉልበት አይታጠፍም፣ ዳሌ አይዞርም። ክብደቱን የሚሸከመው የቆመው እግር ነው። ዘንጉ ይነካል እንጂ አይንጠለጠሉበትም። ይህ ሁሉ ሳያስቡት እስኪመጣ ድረስ ይደገማል። ሲዘሉ ከወለል የሚያስፈነጥረው የእግር ኃይል የሚገነባው እዚህ ነው። ሲያርፉ ጉልበትን የሚያተርፈው ደግሞ ያ የተናቀ ፕሊዬ ነው።

ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የከተማዋ በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው መቋሚያውን ይዞ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት የሚባሉትን የአቋቋም ክፍሎች ሲመላለስባቸው ይኖራል። ዛሬ ገብተህ ነገ ትመሰክራለህ የሚለው የለም። ዘመኑም ቢሆን ይገጥማል፦ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1661 ፓሪስ ላይ የዳንስ አካዳሚ ሲያቋቁም፣ ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲል ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

ድግግሞሽ ይሰለቻል? አዎ፣ በጣም። ግን ከመሰልቸቱ የባሰ ችግር አለው፤ የተሳሳተውንም እኩል ያጠነክራል። እግርን ወደ ውጭ ማዞር ከዳሌ መምጣት አለበት። የእግሩን መዳፍ ብቻ በግድ የሚያዞር ልጅ በየቀኑ በተለማመደ ቁጥር ጉልበቱን ይጎዳል። ስለዚህ የሚያርም ዓይን የግድ ነው። አስተማሪ ከጠፋ ያ ስልክ እዚህ ላይ ይጥቀም፤ ከጎን አስቀምጦ ራስን መቅረጽና አይቶ ማስተካከል።

ወጪውም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ዘንጉን ማንኛውም ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ ይሠራዋል፤ የማይነቃነቅ ወንበር መደገፊያም ለጊዜው ይበቃል። ውድ የሚሆነው ዝላዩ ነው። ነጠር የሚል የእንጨት ወለል ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ላይ መዝለል ቅልጥምን ይጎዳል። እንዲህ ያለ ወለል እስኪገኝ ድረስ ባሩ ላይ ብዙ ሥራ አለ።

አንድ ነገር ለወላጆች። ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ባሩ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ ጠይቁ። «በሦስት ወር በጣቷ ጫፍ አቆማታለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። በጣት ጫፍ ለመቆም የሚደረገውን ጫማ ለማድረግ አጥንቷ መጠንከር አለበት፣ ቁርጭምጭሚቷም ለዓመታት መሠራት አለበት።