«በልቻለሁ» የሚል ልጅ በ«ሃቭ» ለምን ይሳሳታል?

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ሻይ ጠጣን። አሁን እሱም መምህር ሆኗል። ከሐይቅ ወጣ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ለአንድ ረጂ ድርጅት በእንግሊዝኛ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ጊዜ መጻሕፍቱንና ወንበሮቹን አጥቷል። እስካሁን አልተተኩም። ልጆቹ የሚማሩት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው።

ከድርጅቱ የመጣለት መልስ ግን ጥያቄ ነው። ይህ የሆነው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ሌላ መጽሐፍ አግኝታችኋል? ልጁ ቅር ብሎታል። «ሁሉንም ጽፌ ነበር እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ጽፏል። ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «ሃድ» እያለ ነው የጻፈው። «ዘ ስኩል ሃድ ሎስት ኢትስ ቡክስ።» እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያይ ሐሳቡ ወደ ኋላ ይሄድበታል። ከሌላ ያለፈ ነገር በፊት የሆነ፣ ምናልባትም መፍትሔ ያገኘ ጉዳይ ይመስለዋል። «ሃዝ ሎስት» ቢል ኖሮ መጻሕፍቱ ዛሬም የሉም ማለት ይሆን ነበር። የጎደለው ይህ አንድ ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። ተማሪዎቻችን ፐርፌክት ቴንስ፣ ማለትም በሃቭ፣ በሃዝና በሃድ የሚሠራውን የግስ ጊዜ፣ አያውቁም ሲባል አልስማማም። ፎርሙላውን በቃላቸው ይዘውታል። «ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል።» ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያሉ በዜማ ያወርዱታል። ፈተና ላይ ባዶ ቦታውን በትክክል ይሞላሉ። የሚጠፋባቸው ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ ነው። ጥፋቱ የእኛ የመምህራን ነው ብዬ አምናለሁ። አሠራሩን አስተማርናቸው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አላሳየናቸውም።

ስሙም አሳስቷቸዋል። ፕረዘንት ፐርፌክትን «የቅርብ ኃላፊ ጊዜ»፣ ፓስት ፐርፌክትን «የሩቅ ኃላፊ ጊዜ» እያልን ነው የምናስተምረው። ልጁ ስሙን ያምናል። ቅርብ ከሆነ ሃቭ፣ ከራቀ ሃድ ይላል። ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. ነው። ርቋል፤ ስለዚህ ሃድ። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይለካም። ከአምስት ደቂቃ በፊት ምሳ የበላ ሰው «አይ ኤት ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ነው የሚለው። ሃቭ የለበትም። ላሊበላን ከሰላሳ ዓመት በፊት ያየ ሰው ደግሞ «አይ ሃቭ ሲን ላሊበላ» ይላል። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ነገሩ ዛሬን ይነካል ወይስ እዚያው ቀኑ ላይ ቀርቷል ብሎ ነው።

ይህን ደግሞ የወሎ ልጅ ከእናቱ ጓዳ ያውቀዋል። እንግዳ ሆኖ ቤት ገብቶ «ብላ እንጂ!» ሲባል «በላሁ» አይልም። «በልቻለሁ፣ ይስጥልኝ» ይላል። መቼ እንደበላ እየተናገረ አይደለም። አሁን ጠግቤያለሁ ማለቱ ነው። የወሎ እናት ይህን ሰምታ ገበታውን አታነሳም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ልጁ ፕረዘንት ፐርፌክትን በአፍ መፍቻው እየተናገረ ነው። ታዲያ ሰሌዳው ላይ ፎርሙላ ከመጻፋችን በፊት ለምን በ«በልቻለሁ» አንጀምርም?

አማርኛችን ሁሉንም አይፈታም። እስከ አንድ ቦታ ድረስ አብሮን ይሄድና ይለየናል። መለያያውን ነው ማሳየት ያለብን።

ዋናው መለያያ «ትናንት» የምትለዋ ቃል ናት። ሬዲዮ ስንከፍት በየቀኑ የምንሰማውን አስቡ፦ «ኃላፊው ትናንት በሰጡት መግለጫ ሥራው መጠናቀቁን ገልጸዋል።» በአማርኛ ምንም አይጎረብጥም። እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን «ሃዝ ስቴትድ የስተርዴይ» ይሆናል። ስህተት ነው። እንግሊዝኛ ያለፈውን ቀን ስሙን ከጠራህ ሃቭን አያስገባልህም። የእነሱ ጋዜጦች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀን ሳይጠሩ «ሃዝ አናውንስድ» ብለው ይከፍታሉ፤ ወሬው ትኩስ ነዋ። ቀኑና ቦታው ሲመጣ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ይወርዳሉ። በእንግሊዝኛ ዜናና ሪፖርት የሚጽፉ ልጆቻችን ይህቺን አንዲት ልማድ ቢይዙ ጽሑፋቸው ወዲያው ይቃናል።

ክፍል ውስጥ የምወደው ምሳሌ ላሊበላ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። መመዝገቡ እዚያው ዓመት ላይ አልቋል። ስለዚህ «ወር ኢንስክራይብድ ኢን 1978»። መዝገቡ ላይ መሆናቸው ግን አላበቃም። ስለዚህ «ሃቭ ቢን ኦን ዘ ሊስት ሲንስ 1978»። ዓመቱ አንድ ነው። «ኢን» እና «ሲንስ» ናቸው ግሱን የለወጡት። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።

ከ«ሲንስ» ጋር የሥራ ማመልከቻ አብሮ ይነሳል። «ከ2006 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» የሚለውን ልጆቻችን «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ» ብለው ይተረጉሙታል። አማርኛው «ነው» ስለሚል አይፈረድባቸውም። እንግሊዝኛ ግን ከዚያ ጀምሮ እስከ አሁን እያለ ሲቆጥር ሃቭን ግድ ይላል፦ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ»። ይህ ስህተት ማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ ይቆጨኛል። ጎበዝ ልጅ በአንድ ግስ ይገመታል።

ሌላም አለ። «ልጁ ተኝቷል» ስንል አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለታችን ነው። «ሃዝ ስሌፕት» ከተባለ ግን ተኝቶ የተነሳ ይመስላል። እንግሊዝኛው «ኢዝ አስሊፕ» ነው። ተቀምጧል፣ ቆሟል፣ ለብሷል የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

«ነበር» ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። «ትናንት ደውዬልህ ነበር» እንላለን። ከመደወሉ በኋላ የመጣ ሌላ ያለፈ ነገር የለም፤ «ነበር» ንግግሩን ለማለስለስ የገባ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ብቻ ይበቃል። ሃድ ሁለት ያለፉ ነገሮችን ይፈልጋል። «መናኸሪያ ስደርስ የወልድያው አውቶብስ ሄዶ ነበር» ስንል አማርኛውም እንግሊዝኛውም ይገጥማሉ። መድረሴ አለ፤ ከእሱ በፊት የአውቶብሱ መሄድ አለ። ተማሪዬ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የቆመ ነገር ላይ ሁሉ ሃድ ለጥፏል።

አንዳንድ ሰው «ሐሳቡ ከገባ ሃድ ሆነ ሃዝ ምን ለውጥ አለው?» ይለኛል። እኔ ይህን ከወሎ ሰው መስማት ይከብደኛል። ውጫሌ እኮ ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፋት ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አስራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያኖች የያዙት ጽሑፍ ግን ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ተደረሰ። ጦርነቱን ግስ ብቻውን አላመጣውም፤ ከጀርባው ቅኝ የመግዛት ፍላጎት ነበር። ክርክሩ የተጀመረው ግን በአንድ ግስ ላይ ነው።

ፐርፌክት ቴንስ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። እንግሊዞቹ «አይ ሃቭ ጀስት ኢትን» ሲሉ አሜሪካኖቹ «አይ ጀስት ኤት» ማለት ይቀናቸዋል። ሁለቱም ትክክል ነው። ልጆቻችንን በዚህ ማስጨነቅ አያስፈልግም። መመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፉት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሌሎች እስካሁን ያጠኑትን በጥቅሉ ስታነሱ «ሃቭ ሾውን» በሉ። ራሳችሁ መረጃ የሰበሰባችሁበትን መንገድ ስትተርኩ ግን በተራው ኃላፊ ጊዜ ጻፉ። ያ ሥራ አልቋል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። «አብሽር» አልኩትና ሁለተኛ ሻይ አዘን አብረን ጻፍነው። አስራ አንድ ቦታ ላይ ሃድ ነበር። ሁለቱ ብቻ ባሉበት ቆዩ። አንደኛው መምህራኑ ሲመለሱ በሮቹ ተነቅለው እንደነበር የሚናገረው ነው። ቀን የተጠራባቸውን ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ወሰድናቸው። ዛሬም ያሉት ችግሮች ሃቭና ሃዝ ሆኑ። የመጀመሪያው መስመር አሁን «ዘ ስኩል ሃዝ ሎስት ኢትስ ቡክስ» ይላል። እዚያው ቁጭ ብለን ላክነው።