«መካከለኛ ፍጥነት» ስንት ነው?

ሳይለንት ሃንተር 3 በተባለው የሰርጓጅ መርከብ ጌም ላይ ስለ ጠላት መርከብ የሚመጣው የራዲዮ መልእክት «መካከለኛ ፍጥነት» ይልና ዝም! 6 ኖት (በሰዓት 6 የባሕር ማይል)? 9? በአምስት ሰዓት ጉዞ የ15 የባሕር ማይል ልዩነት እኮ ነው፤ ቀድመህ ብትደርስም ባዶ ባሕር ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ መርከቧ እስክትታይ ከሩቅ ተከተል፣ ቦታዋን ካርታው ላይ ምልክት አድርግ፣ ከ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በኋላ ድገም። 800 ሜትር ከሄደች 8 ኖት ነው። አንተ በ16 ኖት በቀጥታ ከጎኗ የምትመጣ ከሆነ፣ ካለችበት 30 ዲግሪ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አስቀድመህ ሂድ። ውሃ ውስጥ በ7 ኖት ግን ከጎን ተነስቶ መድረስ የለም፤ ከፊቷ ካልቀደምክ እርሳት። ይህ ሁሉ ተሰልቶ ዚግዛግ ትጀምራለች! ጊዜውን 1024 እጥፍ ካፈጠንከው ደግሞ አንዲት ሰከንድ መዘናጋት 17 ደቂቃ ነው፣ በ16 ኖት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ። ቁጥሩን ብቻ ቢነግሩን ምን ነበረበት?