ቤትን በጎማ ላይ ጭኖ መኖር፦ ከጡረታ በፊት እንጀራው ከየት ይመጣል?

ሥራ ለቅቆ ሚኒባስ መግዛት፣ ወንበሩን አስነቅሎ አልጋና የጋዝ ምድጃ ማስገጠም፣ ከዚያም አገር ላገር እየዞሩ መኖር የሚለው ሐሳብ ጎንደርም ደርሷል። አሜሪካውያንና አውሮፓውያን በቫን ውስጥ ሲያድሩ፣ ቡናቸውን በተራራ አናት ላይ ሲያፈሉ የሚያሳዩ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች በየስልኩ አሉ። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞችና አስጎብኚዎች «ስድሳ እስኪሞላኝ ለምን እጠብቃለሁ?» ሲሉ መስማትም እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉልበት ሳይደክም አገር ማየትን የሚጠላ የለም። ሆኖም ጨዋታው ሁሉ መኪናው ላይ ተጀምሮ መኪናው ላይ ያልቃል፦ ዶልፊን ይሻላል ወይስ አባዱላ፣ ሶላሩ ስንት ዋት ይሁን፣ የውኃ በርሜሉ የት ይታሰር። በሦስተኛው ወር የሚበላው ከየት እንደሚገኝ፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ምን እንደሚጠብቅ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ ሊፈታ የሚገባው ይህ ነው፤ መኪናው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ኑሮው በተስፋፋበት በአሜሪካ ሰዎቹ በምን እንደሚተዳደሩ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቪዲዮ ሠርተው የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ በጋውን በመናፈሻዎችና በድንኳን ማረፊያዎች እንግዳ ይቀበላሉ፣ መጸዳጃ ያጸዳሉ፣ በምላሹም የመኪና ማቆሚያ ቦታ፣ መብራት፣ ውኃና አነስተኛ ክፍያ ያገኛሉ። በጥቅምት ወር ወደ ሰሜን ዳኮታና ሚኒሶታ ተጉዘው ሹገር ቢት በሚባለው፣ ስኳር በሚወጣበት ሥር ምርት አሰባሰብ ላይ ለጥቂት ሳምንታት በረጅም ፈረቃ ይሠራሉ። አማዞን የተባለው ኩባንያም በመኪና የሚኖሩ ሰዎችን በገና ሰሞን በመጋዘኖቹ የሚያሠራበት ካምፐርፎርስ የሚባል መርሐ ግብር ለዓመታት ነበረው። በሌላ በኩል ደግሞ ሶፍትዌር የሚሠሩ፣ ሒሳብ የሚይዙ፣ የሚተረጉሙና ጽሑፍ የሚያርሙ፣ ቢሮአቸውን በላፕቶፕ ይዘው የሚዞሩ አሉ።

ከሥራው ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን እነዚህ «ቤት የለሽ» የሚመስሉ ሰዎች ከአንድ ቦታ ጋር የታሰሩበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ ሕጋዊ አድራሻቸውን በደቡብ ዳኮታ፣ በቴክሳስ ወይም በፍሎሪዳ ያስመዘግባሉ፤ በእነዚህ ግዛቶች የግዛት የገቢ ግብር የለም፣ ደብዳቤ ተቀብለው ባለቤቱ ወዳለበት የሚልኩ ድርጅቶችም ሞልተዋል። መንጃ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ግብሩና የምርጫ ካርዱ ሁሉ ከዚያች አድራሻ ጋር የተሳሰረ ነው። ማደሪያውም ቢሆን እንደተገኘ የሚቆምበት አይደለም። በፌዴራል መንግሥቱ የመሬት አስተዳደር ሥር ባለ ገላጣ መሬት ላይ በአንድ ቦታ በነጻ ማደር በአብዛኛው ከ14 ቀን አይበልጥም። በአሪዞና በረሃ ክረምቱን ለማሳለፍ የሚፈልግ ደግሞ እስከ ሰባት ወር ለሚያቆየው ፈቃድ 180 ዶላር ሲከፍል ኖሯል። ቪዲዮው የሚያሳየን ነጻነት ከበስተጀርባው ይህን ሁሉ ወረቀት ተሸክሞ ነው የሚጓዘው።

ጎንደር እነዚህን ተጓዦች በዓይኗ ታውቃቸዋለች። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በመኪና የሚወርዱት ሱዳንን አቋርጠው በመተማ ይገቡና ሸህዲን፣ አይከልን አልፈው አዘዞ ይደርሱ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በፊት በአንድ የከተማችን ሆቴል ግቢ ውስጥ ካየኋቸው መኪኖች አንዱ ዛሬም አይረሳኝም፤ ጣሪያው ላይ ሶላር የተነጠፈበት አሮጌ የጭነት መርሰዲስ ነበር። ባለቤቱ ሃምሳዎቹን የጀመረ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። እኛ ፋሲል ግንብን ጎብኝቶ የሚውል ይመስለን ነበር፤ እሱ ግን ረፋዱን በሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገሩ ላለ ቢሮ ንድፍ ሲያርም ይውልና ከተማውን የሚያየው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከመሪው አጠገብ በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለው፤ ነዳጅ፣ ቪዛ፣ ጥገና፣ ምግብ የሚሉ አምዶች ተሰምረውበታል፤ ከሁሉም የሰፋው የጥገናው አምድ ነው። የጡረታ መዋጮውን አገሩ ላይ እየከፈለ እንደሚጓዝም አጫውቶኛል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ እየተዘዋወሩ እንጀራ መብላት በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴው ከመተማ እስከ ምጽዋ ሲመላለስ፣ አዝማሪው ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ የቆሎ ተማሪው ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲሸጋገር ኖሯል። ዛሬም ንግሥ እየተከተሉ የሚነግዱ እናቶች አሉ። መስከረም 21 ግሸን፣ ኅዳር 21 አክሱም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ ለገና ላሊበላ፣ ጥር 11 ተመልሰው ጎንደር። ሰላም በሆነበት ዘመን ጧፍ፣ ነጠላና መቁጠሪያ ይዘው ይህን ዙር የሚጨርሱ፣ በጋራ በተከራዩት ሚኒባስ ከዕቃቸው መካከል የሚተኙ ነበሩ። መኪናው ላይ ሶላር የለም፣ ቪዲዮም የሚቀርጻቸው የለም፤ ነገር ግን ገቢያቸው በየትኛው ቀን ከየት እንደሚመጣ ከብዙ የቢሮ ሠራተኛ ይልቅ ያውቁታል። ጎንደር ላይ የሚከራዩትን አንዲት ክፍልም አይለቁም።

ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የዚሁ ኑሮ ሌላኛው ገጽታ ነው። ከአሜሪካው የጥቅምት ምርት ሰብሳቢ ጋር ወሩ እንኳ ይቀራረባል። ልዩነቱ የእኛው ሠራተኛ የሚያድረው በመኪና ውስጥ ሳይሆን በማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር መሆኑ ነው፤ በዚያም ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይጠብቁታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለካላዛር ሕክምናና ምርምር ራሱን የቻለ ማዕከል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በመንገድ ላይ ሠርቶ ማደርን ስናወራ ከፊሉ ምርጫ፣ ከፊሉ ግን እጦት መሆኑን መርሳት አይገባም። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን የቤት ኪራይ ከአቅም በላይ ሆኖባቸው ወደ መኪና የገቡ አረጋውያን ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ጡረታው ልምጣ፤ ሰው የሚሰለቸው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ክፍል ነው። በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ሲሆን ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለዘለቄታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝና ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አንድ መምህር በ46 ዓመቱ፣ 22 ዓመት አገልግሎ፣ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ሳለ ሥራ ለቀቀ እንበል። 60 ሲሞላው የሚደርሰው ድርሻ 45 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ብር ነው። እስከ 60 ቢቆይ ኖሮ 62.5 በመቶ ይደርስ ነበር። ይህ የመቶኛ ልዩነት ግን ትንሹ ጉዳት ነው።

ትልቁ ጉዳት ያ 10,000 ብር ባለበት መቆሙ ነው። መምህሩ በ2015 ዓ.ም. ለቅቆ ቢሆን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ሲያጣ ያያል፤ ከዚያ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረጉት የደመወዝ ጭማሪዎች በእሱ አማካይ ውስጥ አይገቡለትም። መንግሥት ለጡረተኞች በየጊዜው ማስተካከያ ማድረጉ ባይቀርም፣ አሥራ አራት ዓመት ያረጀን ደመወዝ ማስተካከያ አይመልሰውም። አሜሪካዊው በዚህ ረገድ ይሻለዋል። ለሶሻል ሴኩሪቲ አበል ለመብቃት እሱም 10 ዓመት ያህል መሥራት አለበት፤ ስሌቱ ግን ከፍተኛ ገቢ ያገኘባቸውን 35 ዓመታት የሚወስድ ሲሆን የድሮ ደመወዙ በአገሪቱ የደመወዝ ዕድገት ልክ ከፍ ተደርጎ ይታሰብለታል። በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፤ በ62 ልውሰድ ካለ 30 በመቶ ይቀነስበታል። ከእሱ የተቀዳ ምክር ለእኛ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ቶሎ ውጣ፣ ኋላ ይደርሳል» የሚለው ቃል የደመወዝ ዕድገትን በሚከተል ሥርዓት ውስጥ የተነገረ ነው። በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እንዲታቀፉ ሕጋችን በር ከፍቷል። ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት ወደ ጡረታ ቢሮው ጎራ ብሎ ይህንኑ ቢያጣራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንም በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ምንም አይጎዳውም።

ሕክምናውም ከዚህ አይርቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት ከወረዳ ጋር የተያያዘ ነው። አባሉ መጀመሪያ በተመዘገበበት ጤና ጣቢያ ታይቶ፣ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎለት ነው ወደ ሆስፒታል የሚያልፈው። ደባርቅ ላይ ወይም አርባ ምንጭ ላይ የታመመ የጎንደር ተጓዥ በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። አሜሪካዊውም ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን የሚጀምርለት በ65 ዓመቱ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ለብቻው በሚገዛው መድን መሸፈን ይኖርበታል።

ገቢውን በኢንተርኔት አገኛለሁ ለሚሉት ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ከውጭ ደንበኛ ጋር ውል የነበረው ሰው ወይ አዲስ አበባ ገባ፣ ወይ ደንበኛውን አጣ። ቫን ቢኖረው መውጣቱን ያቀልለት ነበር የሚል ይኖራል፤ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ማታ መጓዝ ሲከለከልና ኬላው ሲበዛ መኪና ራሱ ሌላ ጭንቀት እንደሚሆን በእነዚህ ዓመታት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል።

በእኔ ግምት ለዚህ ኑሮ የሚቀርቡት ባለላፕቶፖቹ ሳይሆኑ እጃቸው ላይ ሙያ ያላቸው ናቸው። በደምቢያ፣ በጭልጋና በወገራ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ማይክሮስኮፕ ወይም የላቦራቶሪ ማሽን ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እስኪገኝ ብዙ ይቆያል፤ እያንዳንዱ ወረዳ ለዚህ የሚሆን ባለሙያ ለብቻው ቀጥሮ ማኖር አይችልም። የሶላር ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ፣ የስፌት መኪናና የጄኔሬተር ጥገናም እንዲሁ ነው። የባዮሜዲካል ቴክኒሽያን መሣሪያውንና መለዋወጫውን በመኪና ይዞ በወር አንድ ጊዜ እነዚያን ወረዳዎች ቢያዳርስ፣ መኪናው ማደሪያም የሥራ ቦታም ይሆንለታል፤ ነዳጁም በሥራው ወጪ ውስጥ ይገባል። ይህን ደግሞ መኪና ሳይገዛ መሞከር ይችላል። አንድ ዙር በሕዝብ ትራንስፖርት ሄዶ ደንበኛ መኖሩን፣ ክፍያው በወቅቱ መምጣቱን፣ ቤተሰቡ መለየቱን መቻሉን ይይ። መኪና ከነዳጁ፣ ከጎማው፣ ከቦሎውና ከኢንሹራንሱ ጋር፣ በተለይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የገበያ ዋጋ፣ ለሙከራ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ከመንግሥት በኩል የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ፋይዳ መታወቂያና ቴሌብር ሰውን ከቀበሌው ደብተር በመጠኑ አላቅቀውታል፤ የንግድ ፈቃዱ ግን ዛሬም በአብዛኛው ቋሚ አድራሻ ይፈልጋል። የከተማ አስተዳደሩ አዘዞ አካባቢ ጥበቃ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው የማደሪያ ቦታ ቢያዘጋጅ ከተንቀሳቃሽ ባለሙያው ሌላ ለጥምቀት ከየአገሩ የሚመጣው ባለመኪና ሁሉ ከፍሎ ይጠቀምበታል። የንግድ ቢሮው ደግሞ በአንድ ከተማ ተመዝግቦ በበርካታ ወረዳዎች የሚያገለግል የጥገና ባለሙያን የሚመለከት ግልጽ አሠራር ቢያወጣ፣ ቴክኒሽያኑ ከጭልጋ ኬላ ላይ የጫነው ማሽን የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።