ኢንተርንሺፑን ያበላሸው ማን ሆነና ነው ይጠር የሚባለው?

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ስብሰባ ላይ የተናገሩትን ሰምቼ ደሜ ፈላ። ተማሪው ድርጅት ወርዶ ሥራ የሚለማመድበት የኢንተርንሺፕ ጊዜ ይጠርና ተማሪው ለመውጫ ፈተና ይዘጋጅበት አሉ። ምክንያታቸውስ? «ድርጅት ሄደው ሻይ ከማመላለስ በቀር የሚሠሩት የለም።»

እሺ፣ ሻይ ያመላልሱ። ለመሆኑ ተማሪውን ደብዳቤ አስይዞ «ሂድና ቦታ ፈልግ» ብሎ የሚያሰናብተው ማነው? አማካሪው አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይቶ ብቻ ውጤት የሚሞላው የማን ተቋም ነው? ራሳቸው ያበላሹትን ሥራ መልሰው ማስረጃ አድርገው ያቀርቡልናል!

ጎንደርን የሚያስታውስ ጠፋ ማለት ነው? በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ እዚያው ጎንደር አቅራቢያ ደምቢያ ላይ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ መቅሠፍት ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን አዋቅሮ ገና ተማሪ ሳሉ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዳቸው። ሐኪም ብርቅ በነበረበት አገር ምሩቁ ነገ ብቻውን ወረዳ ላይ እንደሚጣል አስተማሪዎቹ ያውቁ ነበራ። እዚያ የሚጠይቀው አለቃ አጠገቡ የለም። ወረርሽኝ ሲገባ የሚያየው እሱ፣ ምንጭ የሚያስጠብቀው እሱ፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ ብሎ ሽማግሌ የሚለምነው፣ ክትባት ጠልቶ የሸሸውን ሰው ቄሱን ይዞ የሚያግባባው እሱ። የትኛው የምርጫ ጥያቄ ነው ይህን የሚፈትነው? ሀ ነው ለ? በ1970ዎቹ የተከፈተው የጅማው ተቋምም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አደረገ፤ ተማሪዎችን በቡድን ማኅበረሰብ ውስጥ የሚያሠለጥነው ፕሮግራሙ፣ ቲቲፒው፣ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ሽማግሌ ጤና መኮንን አግኝታችሁ ጠይቁ፤ የባዮኬሚስትሪ ደብተሩን ከረሳ ቆይቷል፣ በተማሪነቱ የወረደበትን መንደር ውኃ መውረጃ ግን በጣቱ ስሎ ያሳያችኋል።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ቢሆን ተማሪውን ሳይመረቅ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ልኮ ያሠራ ነበር፤ አብዛኛውን በአስተማሪነት። ዛሬ ያ ቀርቶ ጥቂት ወር በዛብን።

የመውጫ ፈተናው ይቅር አላልኩም። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ከተፈታኙ ከግማሽ በታች ማለፉ አስደንግጦናል፣ ሊያስደነግጠንም ይገባል። ነገር ግን አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የወደቀን ልጅ በጥቂት ወር ተጨማሪ መቀመጥ እናድነዋለን ማለት ቀልድ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይጠር ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይንገሩን፦ ባለፈው ሴሚስተር ከመምህራንዎ መካከል ተማሪው የተመደበበት ቦታ ድረስ ሄዶ ያየ ስንት ነው? አበል የተከፈለውን አይደለም የምጠይቅዎ፤ የሄደውን።