ጄኔራሉን ለመቅጣት መብራት ማጥፋት

ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኒጀር የፕሬዚዳንት ጠባቂ ጦር አዛዥ ጄኔራል ቺያኒ፣ ይጠብቋቸው የነበሩትን ፕሬዚዳንት ባዙምን አግተው ሥልጣን ያዙ። የምዕራብ አፍሪካ አገራት ማኅበር ኢኮዋስ የ1 ሳምንት ቀነ ገደብ ሰጠ። ባዙም ካልተመለሱ ኃይል እስከ መጠቀም እንሄዳለን አለ። ድንበር ተዘጋ፣ ንግድ ቆመ። ናይጄሪያ ደግሞ ለኒጀር የምትሸጠውን መብራት ቆረጠች።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ መብራት ነው። የምኖረው ደሴ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ። አንዲት ጎረቤታችን በቆሎ በሙቀጫ ሲወቅጡ መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ። የስኳር ሕመም ያለባት ልጃቸው ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንስራ ሥር ታስቀምጥ ነበር። ማታ ማታ እየነካች ቅዝቃዜውን ታያለች።

ስለ ኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ ስሰማ ያቺ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ። ቤተ መንግሥት ጄኔሬተር አያጣም። ቺያኒ በጨለማ ያደሩ አይመስለኝም።

መፈንቅለ መንግሥት ይወገዝ፣ አጥብቆ ይወገዝ። የአፍሪካ ኅብረትም ኒጀርን ማገዱ ልክ ነበር፤ በ1992 በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ፣ በቀድሞው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጊዜ አገራቱ የተስማሙበት ነው። ግን ቅጣቱ ጥፋተኛውን ይፈልግ።

እኛ ወሎ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮች አሉን። ገዳዩን ፊት ለፊት «አጥፍተሃል» ይሉታል። ደጁን መርገጥ ግን አይተዉም። የገዳይ ልጆች ውሃ እንዳይቀዱ ምንጭ የዘጋ አበጋር አላውቅም።

መንግሥታችንም በ2011 ሱዳን ላይ ያደረገው ይህንኑ ይመስላል። ጦሩ ፕሬዚዳንት አልበሽርን ካወረደ በኋላ፣ ግንቦት 26 ካርቱም ላይ ሰልፈኞች ተጨፈጨፉ። ኅብረቱ ሱዳንን አገደ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ካርቱም ገብተው ጄኔራሎቹንም ተቃዋሚዎቹንም አነጋገሩ። የኢትዮጵያ ልዩ መልዕክተኛ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ከኅብረቱ ልዑክ ጋር ሽምግልናውን ቀጠሉ። ነሐሴ 11 ስምምነቱ ተፈረመ። በጥቅምት 2014 ጦሩ መልሶ አፈረሰው፣ ያንገበግባል። ያም ሆኖ ሱዳኖች ከ2 ዓመት በላይ ሲቪል ጠቅላይ ሚኒስትር አይተዋል።

በኒጀርስ? በየካቲት 2016 ኢኮዋስ ራሱ ለሰብዓዊነት ሲል ብዙውን ማዕቀብ አነሳ። ባዙም ያን ቀንም እንደታገቱ ነበሩ።