ኮልካታ ከልብ አትወጣም

የሕንዷን ከተማ ኮልካታን አንዴ አይቶ ዕድሜ ልኩን ስለወደዳት የውጭ አገር ሰው ያነበብኩት ልቤን ነካው። እኔም እዚያ ነው የተማርኩት።

በዚያ ጽሑፍ ስለ ዱርጋ ፑጃ፣ ስለ ሂንዱዎቹ ትልቅ በዓል፣ ጥሩ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን አድዳ ነው። ያለ ቀጠሮ ተቀምጦ መጫወት ማለት ነው፤ ስለ ግጥም፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ ሳይቀር። ኮሌጅ ስትሪት፣ የመጻሕፍት ሱቆቹ መሃል ባለው ኮፊ ሃውስ፣ ሰው በአንድ ስኒ ቡና ከሰዓቱን ሙሉ ይቀመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያ ነበር ናፍቆቴ የሚቀለኝ። የመንገድ ዳር ሻዩ ደግሞ በትንሽ ሸክላ ነው የሚቀዳው። የእርጥብ አፈር ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ኮልካታ ያለችበትን ቤንጋልን ለጥቂት ዓመታት የገዙት ሱልጣኖች “ሐብሺ” ይባሉ ነበር፤ ከእኛ አካባቢ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ፣ አሠራው የሚባለው ግንብ በድሮዋ የቤንጋል ዋና ከተማ በጋውር ዛሬም ቆሟል። ይህን ሳውቅ አገሩ ይበልጥ ቀረበኝ።

እ.ኤ.አ. በ1873 የተጀመረው የኮልካታ ትራም ግን መስመሩ እየተመናመነ ነው። እዚያ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ሳይጠፋ ተሳፈሩበት።