ለ«ተዉአቸው» ባዮች የቀረበ ምስጋና

የጅማ ሰው አስተዋይ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ባለፈው ሳምንት አጂፕ አካባቢ የሆነውን ይስማ። ዩኒፎርም የለበሰ ጎረምሳ የፍቅረኛውን እጅ ጠምዝዞ ስልኳን ነጠቃት፤ ልጅቷ እያለቀሰች ሳለ ባጃጅ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ «ተዉአቸው፣ ፍቅር ነው!» ሲል ፈረደ። ያንኑ ስልክ ሂርማታ ገበያ ውስጥ የማታውቀው ሰው ቢነጥቃት ኖሮ ግማሹ ከተማ «ሌባ!» እያለ ባሳደደው ነበር። ይህን መለየት ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ሌባው የሚፈልገው ስልኩን ብቻ ሲሆን አፍቃሪው የይለፍ ቃሉንም ጭምር ነው።

ደግሞስ እንዲህ ያለ ትጉህ አፍቃሪ ከየት ይገኛል? የቴሌግራም መልእክቷን አንድ በአንድ ያነባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ኦንላይን ሆና ካያት ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ጁስ ቤት ነኝ ካለችው የብርጭቆውን ፎቶ፣ ብርጭቆው ሁለት ከሆነ የሁለተኛውን ጠጪ ፎቶ፣ ጠጪው የአጎቷ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዝምድናቸውን የሚያስረዳ የቪዲዮ ጥሪ ያዝዛል፤ ጥሪው ከተቋረጠም ጥፋቱ የእሷ እንጂ የኔትወርኩ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚላክ የጅማ ቡና እንኳ እንዲህ አይመረመርም። ጓደኞቿም «ታድለሽ! ባይወድሽ መች ይቀና ነበር?» ይሏታል።

እጅ መጠምዘዝ ድብደባ ነው። «ከተለየሽኝ ፎቶሽን እለጥፈዋለሁ» ማለት ዛቻ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትንገላታ እያየ የሚስቅ ጎልማሳ ሊያፍር ይገባዋል! የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ቀዳዳውን ደፈነው፤ መንገደኛው ግን ዛሬም በአሮጌው ይፈርዳል።

ወላጆችም ሳይመሰገኑ መቅረት የለባቸውም። ልጃቸው የደረሰባትን ደፍራ ብትነግራቸው ጊዜ ሳያጠፉ እርምጃ ይወስዳሉ፦ ስልኳን ይቀሟታል። ማስረጃ የሚሆነው የስድብና የዛቻ መልእክትም አብሮ ይሄዳል፤ እሷም ሁለተኛ አትናገርም፤ ቤቱም ሰላም ይሆናል። ለብቻዋ ሆና ሳይቆጧት መስማት፣ መልእክቶቹን ማስቀመጥ፣ ልትለየው ስትወስን ብቻዋን እንዳታገኘው መጠንቀቅ፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ናቸው። የልጁ ወላጆች ግን ምን አደከማቸው? አርፍዶ የመጣ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ሲባል እንጂ ፍቅረኛውን የመታ ሲባል እምብዛም አይሰማ።